ከአንድ የአሞራ ጭንቅላት ምን ይጎድላል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጆሃንስበርግ ጄፒ ውስጥ ልብስ እነግዳለሁ፤ ከወንድሜ ጋር ደግሞ ሶዌቶ ውስጥ ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ አለን። አብሮኝ የሚሠራ ዙሉ ልጅ አለ፣ ሎቶ ሳይቆርጥ አያድርም። ባለፈው ሳምንት ፋራዴይ ከሚባለው የባህል መድኃኒት ገበያ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዱቄት ነገር ገዝቶ መጣና ከትንባሆ ጋር አጨሰው። የጥንብ አንሳ አንጎል ነው፣ የሚወጣውን ቁጥር በሕልም ያሳያል አለኝ። በነጋታው ራሴን አመመኝ ሲል ዋለ። እውነት ይህ ወፍ የተለየ ነገር አለው? ሕገ ወጥ ነው ሲሉም ሰማሁ፤ ግን ከአንድ ጭንቅላት ምን ይጎድላል? እኛ አገር እንደሆነ ቄራው ሁሉ ሞልቶታል።

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ከመጨረሻው ልጀምር፤ ነገሩ ሁሉ ያለው «ከአንድ ጭንቅላት ምን ይጎድላል» ያልከው ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ያ ዱቄት ፋራዴይ እንዴት ደረሰ? ጥንብ አንሳን በወጥመድ የሚይዙ አሉ፣ በጥይትም የሚመቱ አሉ። ለነጋዴ ግን ሁለቱም ድካም ነው። ቀላሉ መንገድ መርዝ ነው። ሰውየው አንድ ፍየል ወይም አንድ የዱር እንስሳ ይገድላል፣ ሥጋውን ይተለትልና የሰብል ተባይ ማጥፊያ ይነሰንስበታል፣ ከዚያ ዞር ብሎ ይጠብቃል። ጥንብ አንሳ ደግሞ ብቻውን አይበላም። አንዱ ሲወርድ ያየው ይከተለዋል፣ ያንን ያየው ሌላው ይከተላል፣ ብዙም ሳይቆይ ሃምሳ ይሆናሉ፣ መቶ ይሆናሉ። ሰውየው ተመልሶ በማዳበሪያ ከረጢት የሚችለውን ያህል ጭንቅላትና እግር ቆርጦ ይሄዳል። የቀረው እዚያው ይበሰብሳል። ያንን የቀመሰ ቀበሮ፣ ንስር ወይም ጅብ በተራው ይወድቃል። ልጁ የገዛው ከአንድ ወፍ ጭንቅላት የተቆነጠረ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ጋር ስንት ወፍ እንደሞተ ግን ሻጩ ራሱ አያውቀውም።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ደርሼ አውቃለሁ። ሰሜን ናታል ነው፣ ሣሩ ደርቆ በእግር ሲረገጥ የሚንኮሻኮሽበት ወቅት። መጀመሪያ የገረመኝ የዝንብ ድምፅ አለመኖሩ ነበር። ጠጋ ስል ዝንብ አለ፣ ግን ሞቶ ነው፤ በበድኑ ዙሪያ እንደ ፈሰሰ ኑግ ጠቁሮ ተበትኗል። ከወፎቹ አንዳንዶቹ ከሥጋው አምስት እርምጃ እንኳ አልራቁም። ክንፋቸው ግማሽ ተዘርግቷል፣ ጥፍራቸው እንደ ጡጫ ተጨብጧል። ይህ የመርዝ ዓይነት ነርቭ ለጡንቻ የሚሰጠው ትእዛዝ እንዳይቋረጥ ያደርጋል፣ ጡንቻው አንዴ ከተኮማተረ መላቀቅ ያቅተዋል። አንዱ ገና ይተነፍስ ነበር። በፎጣ ጠቅልለን አንገቱ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት በቱቦ አጠብነው፣ የመርዙን ማርከሻ አትሮፒን ወጋነው፣ እስከ ክሊኒኩ ድረስ ራሱ እንዳይደፋ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ያዝኩት። ለሃጩ ሱሪዬን አረጠበው። በሦስተኛው ቀን በእግሩ ቆመ፣ በአራተኛው ቀን የሥራ ባልደረባዬን ነከሰው፤ ያን ዕለት ደስ ብሎን ዋልን። ከአርባ ምናምን ወፍ የተረፈው እሱ ብቻ ነው።

የእኔ አርባ ምናምን ደግሞ ከትንንሾቹ አደጋዎች የሚቆጠር ነው። በሰኔ 2019 ቦትስዋና ውስጥ ዝሆን አዳኞች በገደሏቸው 3 ዝሆኖች በድን ላይ መርዝ ስለጨመሩ 537 ጥንብ አንሳዎች በአንድ ቦታ አለቁ። እነዚያ አዳኞች የወፉን ጭንቅላት አልፈለጉትም። ዝሆን በወደቀበት ሰማይ ላይ አሞራ ሲዞር የፓርክ ጠባቂ አይቶ ይመጣል፤ ጠላታቸው ያ «ጠቋሚ» ነው። በግንቦት 2025 እዚያው እናንተ አገር፣ ክሩገር ፓርክ ውስጥ፣ በአንድ የተመረዘ ዝሆን ዙሪያ 123 ሞተው ተገኙ፤ 84ቱ በሕይወት ተገኝተው በሄሊኮፕተርና ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ አምቡላንስ ተነሡ። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ጊኒ ቢሳው ከ2019 መጨረሻ እስከ 2020 መጀመሪያ ባሉት ወራት ከ2,000 በላይ ጥንብ አንሳዎች በመርዝ ሞቱ። እዚያ ከሞቱት የተወሰኑት ሲገኙ ጭንቅላት አልነበራቸውም። የዝሆን ጥርስ የለ፣ የጠባቂ ፍራቻ የለ፤ የተፈለገው ልጅህ የገዛው ነገር ራሱ ነበር።

ከ26 የአፍሪካ አገሮች የተሰበሰቡ መረጃዎችን አጠናቅሮ በ2016 የወጣ ጥናት አለ። ከተመዘገቡት 7,819 የጥንብ አንሳ ሞቶች 61 በመቶው በመርዝ፣ 29 በመቶው ለባህል መድኃኒት ንግድ፣ 9 በመቶው በኤሌክትሪክ መስመር ነው። እኔ ይህንን ክፍፍል ሳይ ሁልጊዜ ይከነክነኛል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ረድፍና ሁለተኛው ረድፍ በተግባር ይደራረባሉ። ለመድኃኒት የተሸጠው ወፍ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በመርዝ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፣ ነጋዴ ነህና ይገባሃል። በምሥራቅ ደቡብ አፍሪካ ብቻ ለባህል መድኃኒት በዓመት ወደ 160 ጥንብ አንሳዎች እንደሚሸጡ፣ ከእነሱም ወደ 59,000 ጊዜ እንደሚወሰድ፣ በሥራውም ከአዳኝ እስከ መድኃኒተኛ 1,250 ሰው እንዳለበት ተገምቷል። አካፍለው፤ አንድ ወፍ ወደ 370 ቁንጥር ይሆናል። ለዚህ ነው ገዢው ምንም የጎደለ የማይመስለው። እጁ የሚገባው የአንድ ወፍ ሦስት መቶ ሰባኛ እጅ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ማን ይጸጸታል? በሌላው ጫፍ ግን ወፏ አለች። ጥንብ አንሳ እንቁላል መጣል የሚጀምረው አምስትና ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ጥንዶቹ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላሉ፣ እሱም ሁልጊዜ አይፈለፈልም፣ ቢፈለፈልም ሁልጊዜ አያድግም። ዶሮ አይደለም። በአንድ ጊዜ 123 ወፍ ሲሞት የሚጠፋው በብዙ ዓመት የሚተካ ነው። ጥንዶቹ ጎጆ ላይ ጫጩት ካላቸው ደግሞ አንዱ ወላጅ ሲቀር ጫጩቱም አብሮ ይቆጠራል።

ወደ ልጁ እምነት እንምጣ። ልጁን ሞኝ አትበለው። ዙሉዎች ጥንብ አንሳን ኢንቄ ይሉታል፣ የሚፈሩትም የሚያከብሩትም ወፍ ነው። እምነቱ የተነሣበትን ሳስበው ብልህ ሰው የተመለከተው ነገር እንደሆነ ይገባኛል። ሰማዩ ባዶ ነው፣ አንድ በሬ ይሞታል፣ ትንሽ ቆይተህ ቀና ስትል ሰማዩ በአሞራ ተሞልቷል። ማን ነገራቸው? በሕልም አይተውት መሆን አለበት ብሎ መደምደም ለጥንት ሰው ሩቅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ «አስቀድሞ የሚያየውን አንጎል ብወስድ እኔም አስቀድሜ አያለሁ» ይከተላል። ድሮ ይህ ጠላት ከየት እንደሚመጣ ወይም የጠፋ ከብት የት እንዳለ ለማወቅ ነበር። ዛሬ ለሎቶና ለኳስ ውርርድ ሆኗል። በ2010 የዓለም ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሲደረግ የወፍ ጥበቃ ሰዎች የውርርዱን ገበያ ሰግተው ነበር። (አዲስ አበባ ላይ በየመንገዱ ተከፍቶ የነበረውን ቤቲንግ ቤት ሳስታውስ፣ ይህ ወሬ እዚያ አለመድረሱን አመሰግናለሁ።)

እውነቱ ግን ከሕልሙ ይበልጥ ይገርማል። ጥንብ አንሳዎች ሰማይ ላይ በኪሎ ሜትሮች ተራርቀው ይንሳፈፋሉ። እያንዳንዱ መሬቱን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንም ያያል። አንዱ ክንፉን ሰብስቦ ቁልቁል ሲወርድ ጎረቤቱ ወደዚያ ይዞራል፣ የጎረቤቱም ጎረቤት እንዲሁ። በድኑን በዓይኑ ያየው አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ነው፤ የቀሩት ያዩት እርስ በርስ ነው። በሰፈራችን አንድ ቤት ደጃፍ ድንኳን ሲተከል ሰው ሁሉ ሳይጠራ እንደሚደርሰው ማለት ነው። ጥንብ አንሳዎች ሲቀንሱ ደግሞ ይህ መረብ ይላላል፤ ጎረቤት የሌለው ወፍ ምግብ ማግኘት ይቸገራል።

ይህን ልጅህ ቢሰማው ደስ ይለኛል፦ ጥንብ አንሳ መሬት መሬቱን ሲያይ ፊት ለፊቱን አያይም። ቅንድቡ ላይ ፀሐይ የሚከልል የአጥንት ግንባር አለው፤ ምግብ ፍለጋ አንገቱን ወደ መሬት ሲያዘነብል ይህ ግንባር የሚበርበትን አቅጣጫ ይጋርድበታል። መሬት ላይ ያለውን በድን ጥርት አድርጎ እያየ፣ ፊቱ ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የንፋስ ኃይል ማመንጫ ሳያይ ይጋጫል። የነገውን ቁጥር እንዲያሳይ የሚታጨሰው ወፍ፣ ከፊቱ የቆመውን ምሰሶ ማየት የተሳነው ነው።

ስለ ራስ ምታቱ። ከጭሱ ይሁን ከሌላ ነገር ሳላየው መናገር አልችልም። ግን አስብ፦ ወፉ የሞተው በነርቭ መርዝ ከሆነ፣ መርዙ በአካሉ ውስጥ አለ፤ አንጎሉን ያደረቀ፣ የፈጨ፣ በጋዜጣ የጠቀለለ ሰው ደግሞ ምን እንደነካው ማንም አልመረመረም። እነዚህ መርዞች፣ ካርቦፉራን፣ አልዲካርብ፣ ተርቡፎስ፣ ሰውንም የሚያጠቁት በተመሳሳይ መንገድ ነው፦ ላብ ማጥለቅለቅ፣ ለሃጭ መብዛት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ መጥበብ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ ትንፋሽ ማጠር። ልጁ ዳግመኛ ቢያጨስና ከእነዚህ አንዱን ብታይበት «ያልፍለታል» ብለህ አትጠብቅ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰደው፣ ያጨሰውንም ሳትደብቅ ንገራቸው። እዚያ አያሳፍሩትም፣ አይስቁበትም፤ መድኃኒቱን ለመምረጥ ግን ማወቅ አለባቸው።

«እኛ አገር ቄራው ሞልቶታል» ያልከው ደግሞ ልቤን ነክቶታል፤ እኔም ያደግሁት ቄራ አካባቢ የጥንብ አንሳ ጥላ ራሴ ላይ ሲያልፍ እያየሁ ነው። በእኛ ዘንድ ጥንብ የሚበላ ርኩስ ነው፤ አይበላም፣ አይነካም፣ በዚህ ምክንያት በምዕራብና በደቡብ አፍሪካ ያለው ዓይነት ገበያ የለንም። ርኩሰቱ ጠብቆታል ማለት ነው። ግን መረሳት አያድነውም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ 6 ቄራዎች ከ2014 እስከ 2019 ካሜራ ተተክሎ በተደረገ ጥናት፣ ሁለቱ ትልልቅ ዝርያዎች፣ ነጭ ጀርባውና ሩፔል የሚባለው፣ በ73 በመቶ ቀንሰዋል። ቆብ የደፋ የሚመስለው ትንሹ ዝርያ በ15 በመቶ ቀንሷል። በዚያው ጊዜ ውሾቹ ከእጥፍ በላይ በዝተዋል። (ሩፔል ስሙን ያገኘው በ1830ዎቹ አገራችንን ከዞረው ጀርመናዊ ነው። በ1973 አይቮሪ ኮስት ላይ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው ሩፔል በ11,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር፤ ከዚያ በላይ ሲበር የተመዘገበ ወፍ የለም።) አራቱ የአፍሪካ ዝርያዎች፣ ቆብ ለባሹ፣ ነጭ ጀርባው፣ ሩፔልና ራሰ ነጩ፣ ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት መዝገብ ውስጥ ናቸው። አንተ በልጅነትህ ያየኸው ብዛት ዛሬ የለም። የእኛዎቹ የሚሞቱት ለጅብና ለውሻ በተዘጋጀ መርዝ፣ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ፣ በሌላም ነው፤ ማንም አንጎላቸውን ሳይፈልገው።

ውሻው ለምን አስፈላጊ ሆነ ብትል ሕንድን ተመልከት። እዚያ የከብት ሕመም ማስታገሻ የነበረው ዲክሎፌናክ፣ መድኃኒቱን ወስዶ የሞተ ከብት የበላውን ጥንብ አንሳ ኩላሊት እያቆመ ሲገድል ኖረ። አንዱ ዝርያ ከ99 በመቶ በላይ ተመናምኗል። በድኑን ውሻና አይጥ ተረከቡት፣ የወንዝ ውኃ ተበከለ። በ2024 የታተመ የኢኮኖሚ ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ጥንብ አንሳ በመጥፋቱ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰው እንደሞተ ገምቷል። ሕንድ፣ ኔፓልና ፓኪስታን በ2006 መድኃኒቱን ለእንስሳት ከለከሉ፤ ክልከላው መንገድ ያገኘው ሜሎክሲካም የሚባል ወፉን የማይጎዳ ተተኪ ስለነበረ ነው። ለገበሬው «ተው» ብቻ አላሉትም፣ «ይህን ያዝ» አሉት።

በእናንተ ሁኔታ ያለው ችግር እዚህ ላይ ነው። ለሎቶ ሕልም ምን ተተኪ ትሰጠዋለህ? አንዳንዶች ከማገገሚያ ጣቢያ የወደቀ ላባ ወይም በራሱ የሞተ ወፍ ለመድኃኒተኞቹ ይሰጥ ይላሉ። ሐሳቡ ቅን ነው፣ እኔ ግን አልደግፈውም። በጋዜጣ የተጠቀለለ ዱቄት ከጣቢያ የመጣ ይሁን ከመርዝ ማንም ለይቶ አያውቅም፤ ንጹሕ ነው የተባለው ሸቀጥ ለቆሸሸው መሸሸጊያ ይሆናል። ይልቅ ሳንጎማዎቹ፣ የባህል መድኃኒተኞቹ፣ ራሳቸው ናቸው ተስፋዬ። ጥንብ አንሳን ጭራሽ የማይነኩ፣ ቅጠልና ሥር ብቻ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው፤ ሽማግሌ ሳንጎማ «ይህ የቁማርተኛ ነገር እንጂ የአባቶቻችን አይደለም» ሲል የሚሰማውን ያህል እኔን የሚሰማ የለም።

ሕጉን በተመለከተ የሰማኸው ትክክል ነው። በደቡብ አፍሪካ የ2004ቱ የብዝኀ ሕይወት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ መግደል ብቻ ሳይሆን መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው፣ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል። ልጁ ዱቄቱን ሱቅህ ውስጥ ካስቀመጠው ባለ ሱቁም ተጠያቂ ሊሆን ይችላል፤ የመኖሪያ ወረቀትህን ጉዳይ እኔ ላስታውስህ አያስፈልግም።

አሁን አንተ ያልጠየቅከኝን፣ ግን ከሁሉ በላይ በእጅህ ያለውን ልንገርህ። የሶዌቶው ሱቃችሁ የአይጥ መርዝ ይሸጣል? ከፋብሪካ በስም የታሸገውን አይደለም የምለው። በትንሽ ፕላስቲክ እየተቋጠረ፣ ያለ ስም፣ ያለ ጽሑፍ የሚመጣውን ጥቁር ወይም ግራጫ ቅንጣት ነው። ከእሱ አንዱ መንገድ ላይ «ቱ ስቴፕ» ይባላል፣ የበላው ሁለት እርምጃ ሄዶ ይወድቃል ለማለት፤ እሱ አልዲካርብ ነው። ሌላው ተርቡፎስ ነው። በጥቅምት 2024 ናሌዲ ሰፈር 6 ሕፃናት ከሱቅ የተገዛ መክሰስ በልተው ሞተው፣ በምርመራ የተገኘው ተርቡፎስ ነበር። ከዚያ በኋላ የሱቅ ባለቤት የሆነ የውጭ ዜጋ ሁሉ ምን እንዳሳለፈ ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። እነዚህ ቅንጣቶች ለእርሻ የተሠሩ ናቸው፣ በቤት ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ከእርሻ መጋዘን ሾልከው በከረጢት ከሚዞሩበት መስመር ግማሹ ወደ አይጥ፣ ግማሹ ወደ ፍየሉ በድን ይሄዳል። መስመሩ አንድ ነው። ሻጩ መጥቶ «ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል» ሲልህ አትቀበለው፣ ከዳቦና ከቺፕስ ጋር በአንድ መደርደሪያ ደግሞ በጭራሽ። ወንድምህም ያንብበው።

ከጋዜጣው ውስጥ የተረፈ ዱቄት ካለ በባዶ እጅ አትንኩት። በሁለት ላስቲክ አስራችሁ ከምግብና ከልጅ አርቁት፤ ልጁ ካመመው ለሐኪሙ የሚያሳየው እሱን ነው። ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ በመጥረጊያ አታቡንኑት።